ስኳሩ ወደ ልኩ ተመለሰ፤ ጉልበቱ ግን ለምን ከዳ?

ጥያቄ፦ «አባቴ 76 ዓመታቸው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው 6.2 በመቶ ሆኖ ቅድመ ስኳር አለብዎት ተባሉ። በጣም ደንግጠው ምግባቸውን ቀነሱ፤ ክብደታቸውም ከ71 ኪሎ ወደ 62 ወረደ። ዘንድሮ ሲመረመሩ ውጤቱ 5.5 ሆነ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ነገር ግን ከወንበር ሲነሱ በእጃቸው ይደገፋሉ፤ ብቻቸውን መንገድ ሲያቋርጡም እንሰጋለን። እናቴ ደግሞ 72 ዓመታቸው ሲሆን ለአራት ዓመት ከ6.0 እና 6.1 አልወረዱም፤ ደረጃ ግን እንደ ቀድሞው ይወጣሉ። ለእርሳቸው ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ይጀመርላቸው የሚሉ ዘመዶች አሉ። የቅድመ ስኳር መለዋወጥ ከአካል ብቃት ጋር ምን ያገናኘዋል? ሊያሳስበንስ የሚገባው የማን ሁኔታ ነው?»

ምላሽ፦

ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አሁን ሊያሳስባችሁ የሚገባው የአባትዎ ሁኔታ ነው። የላቦራቶሪው ወረቀት ተቃራኒውን እንደሚናገር አውቃለሁ፤ ከእርሳቸው ውጤት አጠገብ ምንም ምልክት የለም፣ ከእናትዎ ውጤት አጠገብ ግን ኮከብ ተደርጓል። አረጋውያንን የሚያክም ሐኪም የሥራ ቀኑን ግማሽ ያህል የሚያሳልፈው ከዚያች ኮከብ ጋር ሲከራከር ነው።

በስፋት በሚሠራበት የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መለኪያ፣ የሦስት ወር አማካዩ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ወይም በባዶ ሆድ የተለካው ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን ቅድመ ስኳር ይባላል፤ ከጤነኛው ልክ ያለፈ፣ ከስኳር በሽታ ግን ያልደረሰ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የባዶ ሆዱን መለኪያ ከ110 ይጀምራል። እንግዲህ 105 የተለኩ ሰው በአንዱ መለኪያ ቅድመ ስኳር አለባቸው፣ በሌላው ደግሞ የለባቸውም። ድንበሩ ሰው የተስማማበት መሥመር ስለሆነ በ5.6 እና በ5.8 መካከል ላለ ልዩነት እንቅልፍ ማጣት አይገባም።

በተለይ ዕድሜ ሲገፋ ይህ ቁጥር ብዙ ይዋዥቃል። አሪክ በሚባለው የአሜሪካ የረጅም ጊዜ ጥናት ውስጥ ዕድሜያቸው ከ71 እስከ 90 የሆነ ሰዎች ለአምስት ዓመት ያህል ተከታትለው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። በሦስት ወር አማካይ መለኪያ ቅድመ ስኳር ከነበረባቸው ውስጥ ወደ ስኳር በሽታ የተሻገሩት 9 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 13 በመቶዎቹ ወደ ጤነኛው ልክ ተመልሰዋል። በባዶ ሆድ መለኪያ ደግሞ የተሻገሩት 8 በመቶ፣ የተመለሱት 44 በመቶ ናቸው። በሁለቱም መለኪያዎች በእነዚያ ዓመታት የሞቱት ሰዎች ወደ ስኳር በሽታ ከተሻገሩት ይበልጡ ነበር። በ72 ዓመት ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰው በ40 ዓመት ከተነገረው ሰው ጋር እኩል መደንገጥ የሌለባቸው ለዚህ ነው። ፊታቸው ያለው መንገድ የተለየ ነው፤ አደጋውም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሌላ በር ነው።

አንዱ በር እግር ነው። በስዊድን ስቶክሆልም ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች ለ12 ዓመታት የተጠኑበት ሥራ አለ። በዚያ ጥናት የስኳር በሽታ ያለባቸው ብቻ ሳይሆኑ ቅድመ ስኳር ያለባቸውም ስኳራቸው ጤነኛ ከሆነው እኩዮቻቸው ይልቅ ከወንበር የመነሳት አቅማቸውና የእርምጃ ፍጥነታቸው ቶሎ ቶሎ ቀንሷል፤ የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን ለማከናወንም ቀድመው የሰው እርዳታ ፈልገዋል። ከጉዳቱ የተወሰነው ክፍል የመጣው በልብና በደም ሥር በሽታዎች በኩል ነበር። በዚያው ጥናት ወደ ጤነኛው ልክ መመለስ ከቻሉት ጋር አብረው የታዩት ነገሮች የላይኛው የደም ግፊት ዝቅ ማለት፣ የልብ በሽታ አለመኖርና የክብደት መቀነስ ናቸው። ይህን የሚያነብ ሰው «እንግዲያው አባቴ ትክክል ሠርተዋል» ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ የሚወሳሰበውም እዚህ ላይ ነው፤ ክብደት ሲቀንስ ምን እንደ ቀነሰ ሚዛኑ አይናገርም።

ጡንቻ የሰውነት የስኳር ጎተራ ነው። ኢንሱሊን ከደም የሚያነሳውን ስኳር አብዛኛውን ተቀብሎ የሚያከማቸው ወይም የሚያቃጥለው እርሱ ነው፤ ትልልቆቹ ጎተራዎች ደግሞ ጭንና መቀመጫ ላይ ናቸው። በዕድሜ ጡንቻ ሲሳሳ ስኳሩ ማረፊያ ያጣና ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ በአንድ አዛውንት ደም ውስጥ ስኳር ከፍ ማለቱ አንዳንዴ የጡንቻ መሳሳት ውጤት እንጂ መነሻ አይደለም።

ጉዳቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሄዳል። ኢንሱሊን ስኳር ከማስገባት ሌላ የጡንቻ ፕሮቲን እንዳይፈርስ የመግታት ሥራ አለው፤ ሰውነት ለኢንሱሊን ሲደነድን ይህ መከላከያም ይላላል። በጡንቻ ቃጫዎች መካከል ስብ ይገባል፤ ዝቅተኛ ግን የማያቋርጥ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ይፈጠራል፤ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ለሥራ የሚበቃ ደም ማድረስ ይሳናቸዋል። ስኳር ከጅማትና ከመገጣጠሚያ ፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ ያደነድናቸዋል። የእግር ነርቮችም አንዳንድ ሰዎች ላይ ገና በቅድመ ስኳር ደረጃ መጎዳት ይጀምራሉ፤ እግር ወለሉን በደንብ ካልተሰማው ደግሞ ጡንቻው ብርቱ ቢሆን እንኳ ሰውየው ይንገዳገዳል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። በአሜሪካ በአዛውንቶች ላይ የተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከሌሎቹ የበለጠ የጡንቻ መጠን እንዳላቸው፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ኪሎ ጡንቻ የሚያወጣው ኃይል አነስተኛ እንደ ሆነ አሳይቷል። እግር ወፍሮ ታየ ማለት በረታ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ጥራቱን የሚነግረን ሥራው ነው።

ወደ አባትዎ እንመለስ። ዘጠኝ ኪሎ ማለት ከ71 ኪሎ ላይ ስምንተኛ እጅ ያህል ነው። ይህን ያህል ክብደት ምግብን በመቀነስ ብቻ፣ ያለ ጡንቻ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ፣ በዚህ ዕድሜ ሲቀነስ ከስቡ ጋር ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ባለባቸው 107 አዛውንቶች ላይ ለአንድ ዓመት የተደረገ ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። በምግብ ቅነሳ ብቻ የተከታተሉትና ምግብ ቅነሳን ከእንቅስቃሴ ጋር ያጣመሩት የቀነሱት ክብደት ተቀራራቢ ነበር፤ አንዱ 10፣ ሌላው 9 በመቶ። ከስብ ውጪ ያለው የሰውነት ክፍል ግን በመጀመሪያዎቹ 5 በመቶ፣ ባጣመሩት 3 በመቶ ቀነሰ። የአካል ብቃት ነጥባቸው በምግብ ብቻ 12፣ በእንቅስቃሴ ብቻ 15፣ በሁለቱ ጥምረት 21 በመቶ ተሻሽሏል። እነዚያ ሰዎች ሲጀምሩ የሚያራግፉት ትርፍ ስብ እንደ ነበራቸው ልብ ይበሉ። አባትዎ በ71 ኪሎ ያን ያህል ትርፍ ነበራቸው ወይ? ቁመታቸውን ስላልነገሩኝ አልፈርድም፤ መካከለኛ ቁመት ካላቸው ግን ከመጀመሪያውም ዘጠኝ ኪሎ መቀነስ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ደግሞም 5.5 ሙሉ በሙሉ እውነተኛ መሻሻል ላይሆን ይችላል። የሦስት ወር አማካይ የሚለካው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ከሄሞግሎቢን ጋር የተጣበቀውን ስኳር ነው። ሴሎቹ በሆነ ምክንያት ዕድሜያቸው ካጠረ፣ ሰውየው ደም ከፈሰሳቸው ወይም ደም ከተሰጣቸው፣ ሴሉ ስኳር ለመሰብሰብ ጊዜ ስለማያገኝ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። የብረት እጥረት ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ውጤቱን ከባዶ ሆድ ስኳርና ከሙሉ የደም ምርመራ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ክብደታቸው የወረደው በፈቃዳቸው ብቻ መሆኑንም አጣሩ። ከቀነሱት ምግብ በላይ እየከሱ ከሆነ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ከጠፋ፣ ጥርሳቸው ማኘክ ካቃተው፣ ወይም ድብርት ከተጫናቸው፣ ጉዳዩ ስኳርን አልፎ ሄዷል። ሐኪማቸው የታይሮይድ፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ቢያዝ አግባብ ነው፤ ከዕድሜያቸው ጋር የሚሄድ የካንሰር ፍለጋንም ሊያስብ ይገባል። ድክመቱ በቀናት ውስጥ የመጣ ከሆነ፣ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ወይም ከጀርባ ሕመምና ከሽንት መቆጣጠር ችግር ጋር ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ቤት ውስጥ ልትሠሩት የምትችሉት ምርመራ አለ፤ ለእኔ ከዘጠኙ ኪሎም ከ5.5ቱም የበለጠ ይነግረኛል። ክንድ ማሳረፊያ የሌለው፣ መቀመጫው ከወለሉ 45 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ያለ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ላይ አስደግፉ። አባትዎ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ በሚችሉት ፍጥነት፣ አምስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እየቆሙ ይቀመጡ። እርስዎ ደግፈው ለመያዝ ተዘጋጅተው አጠገባቸው ይቁሙ። ሰዓቱ የሚጀምረው ከተቀመጡበት ነው፤ የሚቆመው ለአምስተኛ ጊዜ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ነው። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ ወይም ያለ እጅ ጭራሽ ካልቻሉ፣ በአውሮፓ የባለሙያዎች ስምምነት መሠረት የጡንቻ ኃይል መቀነስ ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል።

ሰዓቱን ብቻ አትመልከቱ። እግራቸው የሰነፈ ሰዎች ሳያውቁት ዘዴ ያበጃሉ። መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጫፍ ይንሸራተታሉ፤ ከዚያ ደረታቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዛሉ፤ ሲነሱ ሁለቱ ጉልበቶቻቸው ወደ ውስጥ ይቀራረባሉ፤ የተጣመረው እጅ ሳይታሰብ ወርዶ ጭናቸውን ይገፋል። ሲቀመጡ ደግሞ የመጨረሻዋን አንድ ስንዝር ራሳቸውን መግታት ተስኗቸው ዘፍ ይላሉ። እኔ አተኩሬ የማያት ያችን ስንዝር ነው። የፊት ጭን ጡንቻ እየረዘመ ሰውነትን ዝቅ የሚያደርግበትን ኃይል የምታሳይ እርሷ ናት፤ ደረጃ ሲወረድ የሚያስፈልገውም ይኸው ኃይል ነው። የእናትዎንም ነገር በዚህ ፈትሹ። ደረጃ እንደ ቀድሞው ይወጣሉ ብለዋል፤ ሲወርዱስ? መደገፊያውን መያዝ ጀምረዋል? ሁለቱን እግሮች አንድ ደረጃ ላይ እያሳረፉ ነው የሚወርዱት?

ሁለተኛው ፈተና እርምጃ ነው። ወለል ላይ አራት ሜትር ለኩና ሁለቱንም ጫፍ ምልክት አድርጉ፤ ከመጀመሪያው ምልክት አንድ ሜትር ቀደም ብለው ይነሱና በተለመደ እርምጃቸው ይራመዱ። አራቱ ሜትር አምስት ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀ ፍጥነታቸው በሰከንድ 0.8 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። ይህ የጡንቻ መሳሳቱ እንደ ከባድ የሚቆጠርበት ወሰን ነው።

ሕክምናው፣ ለአባትዎ፣ በአብዛኛው መብላትና መግፋት ነው። የፈሩትን ምግብ ሁሉ ትተው ሲኖሩ ፕሮቲኑም አብሮ ቀርቶ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው። ለአረጋውያን የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ነው፤ ለ62 ኪሎ ከ62 እስከ 74 ግራም ገደማ ይመጣል። አንድ ጊዜ ከመከመር ይልቅ በየማዕዱ ማከፋፈል ይሻላል፤ ከእንቁላል፣ ከጥራጥሬ፣ ከወተት፣ ከዓሣ ወይም ከሥጋ የሚስማማቸውን ይምረጡ። የኩላሊት በሽታ ካለባቸው ግን ልኩን የሚወስነው ሐኪማቸው ነው። ክብደት መቀነሱ ዛሬውኑ ይቁም።

መግፋት ያልኩት ጡንቻን ከሸክም ጋር ማታገል ነው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመካከሉ ዕረፍት እየተደረገ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምራችሁ ከፍ አድርጉት፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲቀላቸው ትራሱን አንሱ፤ ያም ሲቀላቸው እጃቸው ላይ ክብደት ይጨመር። የማይከብድ እንቅስቃሴ ጡንቻ አይገነባም፤ በዚህ ጉዳይ ቤተሰብ ከልክ በላይ ሲራራ አያለሁ። «ይቀመጡ፣ እኔ አመጣለሁ» ማለት ፍቅር ነው፣ ግን እግር ያሳጣል። ጤናማ አዛውንቶች አሥር ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲውሉ በተደረገበት ጥናት ከእግሮቻቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጥተዋል። የደረት ሕመም፣ ያልተረጋጋ የልብ ችግር ወይም በቅርብ ጊዜ የመውደቅ ታሪክ ካለ ግን በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጅ ይጀመር።

ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ላይፍ የተባለ ሙከራ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 የሆነ፣ ብቃታቸው አስቀድሞ የቀነሰ 1,635 ሰዎችን አሳትፎ ነበር። እርምጃን ዋና አድርጎ የጡንቻ ማጠናከሪያና የሚዛን መጠበቂያ ልምምድ የጨመረው ፕሮግራም፣ 400 ሜትር መራመድ የመሳን አደጋን ከጤና ትምህርት ጋር ሲነጻጸር በ18 በመቶ ቀንሷል።

አባትዎ ሲበሉ ቁጥሩ ከፍ ሊል እንደሚችል ካሁኑ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ እንደገና ይደነግጣሉ። በ5.9 ያለ እጅ ከወንበር የሚነሱ አባት በ5.5 ከሚደገፉት አባት ይልቅ እኔን ያስደስቱኛል። ይህ ስኳር እንደ ልብ ይሁን ማለት አይደለም። የሚጣፍጡ መጠጦችን መተዋቸውን ይቀጥሉበት፤ ከምግብ በኋላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይራመዱ። የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ስኳር ከደም ይስባል።

የእናትዎ መልስ አጭር ነው። ለአራት ዓመት በ6.0 እና 6.1 መካከል መቆየት በዚህ ዕድሜ መረጋጋት ነው። ስለ ሜትፎርሚን የሚሉትን ዘመዶች በትህትና አመስግኗቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመው ትልቁ የአሜሪካ የስኳር መከላከል ሙከራ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴና 7 በመቶ የክብደት ቅነሳ ወደ በሽታ መሻገርን በአጠቃላይ በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ከ60 ዓመት በላይ ባሉት ደግሞ በ71 በመቶ። ሜትፎርሚን በአጠቃላይ 31 በመቶ ቢቀንስም በአረጋውያኑ ላይ የነበረው ጥቅም በጣም አነስተኛ ነበር። ከዚህም ሌላ፣ ስኳር የሌለባቸው ጤናማ አዛውንቶች ለ14 ሳምንታት የጡንቻ ማጠናከሪያ ልምምድ ሲያደርጉ ሜትፎርሚን የወሰዱት ካልወሰዱት ያነሰ ጡንቻ ገንብተዋል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12ንም ያሳንሳል። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ጥሩ መድኃኒት ነውና ይህን ያነበበ ታካሚ በራሱ እንዳያቋርጠው አደራ እላለሁ። ለእናትዎ ግን አሁን አላዝዘውም። ክብደት ከበዛባቸው እየተንቀሳቀሱ በጥቂቱ ይቀንሱ፤ የደም ግፊታቸው ይለካ፤ እግራቸው ስሜቱ ይፈተሽ፤ ስኳራቸው በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ። ወንበሩም ለእርሳቸው ይዋል፤ ዛሬ በ11 ሰከንድ የጨረሱት በሚቀጥለው ዓመት 14 ከሆነ፣ 6.1 ባይነቃነቅም እንኳ የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው።

ከሁለቱ አንዳቸው በሳንባ ምች ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ቢታመሙ፣ ወይም ለመገጣጠሚያና ለአስም የሚሰጡትን ስቴሮይድ መድኃኒቶች ቢወስዱ፣ ስኳሩ ለጊዜው መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። በዚያ ሰሞን በተለካ ቁጥር «ወደ በሽታ ተሻገሩ» አይባልም፤ ካገገሙ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ይደገም። በዚያ ሰሞን የበለጠ የሚያስፈልጋቸው ከአልጋ ቶሎ መነሳት ነው።

ለአባትዎ የመጀመሪያውን የወንበርና የአራት ሜትር ሰዓት ከክብደታቸው ጋር ጻፉ፤ ከ12 ሳምንት በኋላ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ጫማ ድገሙት። የሦስት ወር አማካዩንም ከዚያ በፊት አታስለኩ፤ ቀደም ብሎ ቢለካ አሮጌውን ከአዲሱ ቀላቅሎ ነው የሚያሳየው። ክብደቱ ከ62 ካልወረደና ሰዓቱ ካጠረ በጀመራችሁት ቀጥሉ። እየበሉና እየተለማመዱ ሰዓቱ ካላጠረ፣ ወይም ክብደታቸው አሁንም የሚወርድ ከሆነ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሐኪማቸው ተመለሱ፤ ምርመራው ከስኳር ውጪ ወዳሉት ምክንያቶች መሄድ አለበት።